ምስክርና ጠበቃ፦ «ማንቶ» የተሰኘው ፊልም ሲመዘን

የደራሲ ሕይወት ለሲኒማ የሚመች ርእሰ ጉዳይ አይደለም። ወታደሩ የጦር ሜዳ አለው፤ አዝማሪው ድምፁና መሰንቆው አለው፤ ሠዓሊውም ቢሆን ካሜራ ሊከተለው የሚችል እጅና ቀለም አለው። ደራሲ ግን ተቀምጦ ይጽፋል። ዋናው ድርጊት የሚፈጸመው ማንም በማያየው ሥፍራ፣ በአእምሮውና በወረቀቱ መካከል ነው። በዚህ ምክንያት ስለ ደራሲያን የተሠሩት ፊልሞች አብዛኛዎቹ ከጽሑፉ ይሸሹና ወደ መጠጡ፣ ወደ ፍቅሩ፣ ወደ ሞት አልጋው ይሄዳሉ፤ ተመልካቹም ሰውየው ምን ያህል እንደ ተሠቃየ እንጂ ምን እንደ ጻፈ ሳያውቅ ከአዳራሹ ይወጣል።

ሕንዳዊቷ ተዋናይና የፊልም አዘጋጅ ናንዲታ ዳስ ስለ ኡርዱው ደራሲ ስለ ሳዓዳት ሐሰን ማንቶ የሠራችው ፊልም ከዚህ ልማድ ለመውጣት በብርቱ የታገለ ነው። «ማንቶ» የተሰኘው ይህ ሥራ በ2018 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታይቶ በዚያው ዓመት በሴፕቴምበር ወር ለሕንድ ተመልካች ቀረበ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በአገራችን ከተሞች ሲኒማ ቤቶች ለረጅም ዓመታት የሕንድ ፊልም ሲመለከት የኖረው ሰው በዘፈንና በጭፈራ፣ በተጠፋፉ ወንድማማቾችና በመጨረሻ በሚገኝ ፍትሕ የታነጸውን ሲኒማ ያውቃል። ይህኛው የዚያ ቤተሰብ አይደለም። ዘፈን ቢኖረውም ጭፈራ የለውም፤ ፍትሕም አይገኝበትም።

ፊልሙን ለመመዘን አስቀድሞ ሰውየውን ማወቅ ያሻል። ማንቶ በ1912 በቅኝ ግዛት ሥር በነበረችው ሕንድ፣ በፑንጃብ ውስጥ በምትገኘው በሳምራላ ተወለደ፤ ቤተሰቡ የካሽሚር ዝርያ ያለው ሙስሊም ቤተሰብ ነበር። ያደገው በአምሪትሳር ነው። የማትሪክ ፈተና በተደጋጋሚ ወድቋል፤ ከወደቀባቸውም ትምህርቶች አንዱ፣ ለመምህራን የሚያስገርም ቢሆንም፣ የኡርዱ ቋንቋ ነበር። ወደ ሥነ ጽሑፍ የገባው በትርጉም በር ሲሆን፣ ቪክቶር ሁጎ ስለ ሞት ፍርደኛው የመጨረሻ ቀን የጻፈውን መጽሐፍ ገና በወጣትነቱ ወደ ኡርዱ መልሷል። የሩስያን ደራሲያንም በተለይ ጎርኪንና ቼሆቭን አጥብቆ አንብቧል። ከዚያም ቦምቤይ ገብቶ የመጽሔት አዘጋጅና የፊልም ጽሑፍ ደራሲ ሆነ፤ በመካከሉ ዴልሂ በሚገኘው የመላ ሕንድ ሬዲዮ ተቀጥሮ ከአንድ መቶ በላይ የሬዲዮ ድራማዎች ጻፈ። በጃንዩዌሪ 1948፣ አገሪቱ ከተከፈለች ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ቦምቤይን ትቶ ወደ ፓኪስታን፣ ወደ ላሆር ተሻገረ። በዚያም ሰባት ዓመት ኖሮ በ1955 በ42 ዓመት ዕድሜው፣ መጠጥ ጉበቱን ጨርሶበት ሞተ። ከ20 በላይ የአጭር ልብ ወለድ መድበሎች ትቷል።

ፊልሙ ይህን ሁሉ አይተርክም። ልደቱንና ልጅነቱን ዘሎ፣ ሞቱንም ሳያሳይ፣ ከ1946 ጀምሮ ያሉትን ጥቂት ዓመታት ብቻ ይይዛል። ይህ ምርጫ የአዘጋጇ ብልኅነት የመጀመሪያው ማስረጃ ነው። ምክንያቱም የማንቶ ሕይወት በሁለት የተሰነጠቀው በእነዚህ ዓመታት ነውና። ስንጥቁንም ያመጣው የራሱ ጠባይ ብቻ አልነበረም። በኦገስት 1947 ብሪታንያ ለቅቃ ስትወጣ፣ ሕንድንና ፓኪስታንን የሚለየውን ድንበር እንዲያሰምር የተሾመው ሲሪል ራድክሊፍ የተባለ እንግሊዛዊ የሕግ ሰው ከዚያ በፊት አገሪቱን ረግጦ የማያውቅ ሲሆን፣ ሥራውን ለመፈጸም የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ያህል ነበር። በመስመሩ ሁለት ወገን ከ12 ሚሊዮን በላይ የሚገመት ሕዝብ ቀዬውን ለቀቀ፤ የሟቾቹ ቁጥር እንደ ገማቹ ከ200 ሺሕ እስከ 1 ሚሊዮንና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ጎረቤት ጎረቤቱን ገደለ፤ ሴቶች ተጠለፉ፤ ባቡሮች ሬሳ ጭነው ከጣቢያ ጣቢያ ደረሱ።

በዚህ መካከል አንድ የቦምቤይ ደራሲ አገሩን ለምን ለቀቀ? ፊልሙ የሚሰጠው መልስ ከማንቶ ከራሱ ማስታወሻ የተወሰደ ነው። የቅርብ ወዳጁ የነበረው ተዋናይ ሺያም፣ ዘመዶቹ ከራዋልፒንዲ በሙስሊሞች ጥቃት ተሰድደው ሲመጡ የደረሰባቸውን ይሰማል። ማንቶ ሙስሊም ነውና በዚያች ሰዓት እርሱን ራሱን ልትገድለኝ ትችል ነበር ወይ ብሎ ሲጠይቀው፣ ሺያም አዎን ይላል። ወዳጅነታቸው በዚያ አላበቃም። ነገር ግን ማንቶ ጓዙን ጠቀለለ። ታሂር ራጅ ባሲን ሺያምን ሆኖ ሲጫወት ይህን ቃል የሚናገረው በቁጣ ሳይሆን በድካም ነው፤ ትዕይንቱም በፊልሙ ውስጥ ከሚገኙት እጅግ የተዋጣላቸው አንዱ ነው። ታላቁ የታሪክ ጥፋት በሁለት ወዳጆች መካከል ወደተነገረች አንዲት ቃል ሲጠበብ ተመልካቹ የአገር መከፈል ምን ማለት እንደ ሆነ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል።

የፊልሙ ቅርጽ ልዩ የሆነው ግን በሌላ ነገር ነው። አዘጋጇ ከማንቶ ልብ ወለዶች አምስቱን መርጣ በሕይወቱ ትረካ ውስጥ አስገብታቸዋለች። ከጥሪ ደንበኞች ጋር በመኪና ስትወጣ እንደ ልጅ የምትቦርቀውን ድሃ ልጃገረድ የሚተርከው «ዐሥር ሩፒ»፤ እንቅልፍ የተነፈገች ሴተኛ አዳሪ በአቃጣሪዋ ላይ የምታደርሰውን የሚያሳየው «ባለ መቶ ዋት አምፖል»፤ ከዚያም «ክፈት»፣ «ቀዝቃዛ ሥጋ» እና «ቶባ ቴክ ሲንግ»። ወደ እነዚህ ታሪኮች ስንገባ «አሁን ልብ ወለድ ጀመረ» የሚል ምልክት አይሰጥም። ደራሲው በመንገድ ሲሄድ ካሜራው በድንገት ሌላ ሰው ተከትሎ ይሄዳል፤ ተመልካቹም በታሪኩ ውስጥ ራሱን ያገኘዋል። ይህ ዘዴ በመግቢያው ላይ የተነሣውን የደራሲያን ፊልሞች ችግር ይፈታል። ሰውየው ሲጽፍ ከማሳየት የጻፈውን ማሳየት፤ ጽሑፉንም ከኖረበት ጎዳና አጠገብ ማስቀመጥ።

ከአምስቱ «ክፈት» ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ሲራጁዲን የተባለ ሽማግሌ ከአምሪትሳር በተነሣው ባቡር ላይ ከደረሰው ጥቃት ተርፎ ስደተኞች ጣቢያ ውስጥ ራሱን ሲያውቅ ሴት ልጁ ሳኪና የለችም። የጠፉትን የሚፈልጉ በጎ ፈቃደኛ ወጣቶች ያገኛል፤ የገዛ ወገኖቹ ናቸው፤ መልኳን ይነግራቸዋል፤ ይመርቃቸዋል። ወጣቶቹ ያገኙዋታል፤ ለአባቷ ግን አይነግሩትም። ከቀናት በኋላ አንዲት ራሷን የሳተች ልጅ ወደ ሕክምና ጣቢያ ተይዛ ስትገባ ተከትሎ ይገባል። ሐኪሙ ክፍሉ ስለ ታፈነ ወደ መስኮቱ እያመለከተ እንዲከፈት ያዝዛል። ያ ቃል በተነገረ ጊዜ፣ የሞተች የመሰለችው ልጅ እጅ ይንቀሳቀስና የሱሪዋን ማሰሪያ ይፈታል። አባትየው ልጄ በሕይወት አለች ብሎ በደስታ ይጮኻል። ሐኪሙ በላብ ይዘፈቃል።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ለአማርኛ ተርጓሚ ፈተና የሆነ አንድ ነገር አለ። በኡርዱ ትእዛዝ አንቀጽ ወንድና ሴት አይለይም፤ ሐኪሙ ለአባት የተናገረው ቃልና ልጅቷ ከደፋሪዎቿ አፍ የሰማችው ቃል አንድ ነው። አማርኛ ግን «ክፈት» እና «ክፈቺ» ብሎ ይለያል። ሐኪሙ ለሽማግሌ ስለሚናገር «ይክፈቱት» ቢል የበለጠ ይራራቃል። ምናልባት «ይከፈት» የሚለው ብቻ ሁለቱን ሊያገናኝ ይችላል፤ እርሱም ቢሆን የመኰንን እንጂ የደፋሪ ድምፅ የለውም። የታሪኩ ርእስና የታሪኩ ስለት አንዲት ቃል መሆኗን ለመረዳት ይህን ችግር ማሰብ ይበቃል። ማንቶ ወንጀሉን አንድም ጊዜ በስሙ አይጠራውም። ወንጀለኞቹን አይሰድብም፤ ለልጅቷ አያለቅስም። የአባቱን ደስታና የሐኪሙን ላብ ጎን ለጎን አስቀምጦ ይሄዳል። ፓኪስታን ይህን ታሪክ ያተመውን «ነቁሽ» የተባለ መጽሔት ለስድስት ወር ዘጋችው። ደፋሪዎቹ ጠላት ቢሆኑ ኖሮ መጽሔቱ ይዘጋ ነበር ወይ ብሎ መጠየቅ ከቦታው የራቀ አይሆንም።

እንግዲህ የፊልሙ ብርታትም ድካምም እዚህ ላይ ይገለጻል። ናንዲታ ዳስ የታሪኩን እርጋታ አልነካችም፤ ጭካኔውን ወደ መጋረጃው አላወጣችም፤ ለዚህ ምስጋና ይገባታል። ነገር ግን ከታሪኮቹ በኋላ ደጋግማ ወደ ማንቶ ፊት ትመልሰናለች። ያ ፊት የቆሰለ፣ የሚያዝን፣ የሚያስብ ፊት ነው። ያየነውን እንዴት መቀበል እንዳለብን ይነግረናል። በመጽሐፉ ገጽ ላይ ግን ያ ፊት የለም! የማንቶ ታሪክ ልክ እንደ ምስክር ነው፤ ያየውን ተናግሮ ከመድረኩ ይወርዳል፤ ፍርዱን ለሰሚው ይተወዋል። ፊልሙ ደግሞ ጠበቃ ነው። ደንበኛውን ይዞ ቆሟል፤ ዳኞቹ እንዳይሳሳቱ ይፈራል፤ ስለዚህም ያስረዳል፣ ይማልዳል።

ይህ ጠበቃነት በንግግሮቹ ውስጥ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ማንቶ በድርሰቶቹና በፍርድ ቤት መከላከያዎቹ ውስጥ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ ኅብረተሰብ የጻፋቸው የተሳሉ ዐረፍተ ነገሮች በፊልሙ ውስጥ ከቡና ቤት ወሬው፣ ከጎዳና ጨዋታው፣ አልፎ አልፎም ከቤቱ ንግግር ጋር ተቀላቅለዋል። ሰው ግን በየደቂቃው ጥቅስ አይናገርም። ናዋዙዲን ሲዲኪ ታላቅ ተዋናይ በመሆኑ እነዚህን ዐረፍተ ነገሮች እንደ ጭስ በቀላሉ ለማውጣት ይሞክራል፤ በዐይኑና በዝምታው ውስጥ ያለው ማንቶ ግን በአፉ ውስጥ ካለው ይበልጣል።

አሁን ወደ ችሎቱ እንግባ። ማንቶ ጸያፍ ጽሑፍ አሳትሟል ተብሎ ስድስት ጊዜ ተከስሷል፤ ሦስቱ በቅኝ ግዛት ዘመን «ጥቁር ሱሪ»፣ «ሽታ» እና «ጢስ» በተሰኙት ታሪኮቹ፣ ሦስቱ በነጻዪቱ ፓኪስታን «ክፈት»፣ «ቀዝቃዛ ሥጋ» እና «ላይ፣ ታች፣ መካከል» በተሰኙት። ሲከሰስ የተጠቀሰበት ሕግ ግን ከሁለቱ ዘመን በአንዱም አልተለወጠም። እንግሊዞች በ1860 ያወጡት የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 292 ነው። ባንዲራው ተለወጠ፤ መዝሙሩ ተለወጠ፤ አንቀጹ ከነቁጥሩ ቀረ። ፓኪስታን እስከ ዛሬ ይዛዋለች፤ ሕንድም በ2024 የቅኝ ገዥውን የወንጀል ሕግ በአዲስ ስትተካ ድንጋጌውን 294 የሚል ቁጥር ሰጥታ አስቀጠለችው። ፊልሙ ይህን የሕግ ሐረግ በግልጽ አያወጣውም፤ ቢያወጣው ኖሮ የማንቶ ጉዳይ የአንድ ደፋር ሰው ችግር ብቻ ሳይሆን ከነጻነት በኋላም ሳይፈርስ የቀረ መዋቅር መሆኑ በታየ ነበር።

የፊልሙ እምብርት የ«ቀዝቃዛ ሥጋ» ክስ ነው። በታሪኩ ውስጥ ኢሽዋር ሲንግ የተባለ ሰው በዘረፋው ቀን አንዲት ልጃገረድ ይዞ ይሄዳል፤ ከሞተች እንደ ቆየች የሚያውቀው ዘግይቶ ነው፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ወንድነቱ በውስጡ ይሞታል። ማንቶ ለገዳዩ ይህን አንድ የመጨረሻ የሰውነት ፍንጣሪ ተወለት፤ በሠራው ነገር መበላሸቱን። ፍርድ ቤቱ ግን ያየው የአልጋውን ትዕይንት ነው። የመጀመሪያው ችሎት ከባድ ሥራ ያለበት የሦስት ወር እስራትና የ300 ሩፒ መቀጮ ፈረደበት፤ ይግባኝ ሰሚው ነጻ ለቀቀው፤ ከፍተኛው ፍርድ ቤት መቀጮውን መለሰበት።

በዚህ ችሎት ላይ ለመከላከያ ከቆሙት መካከል ፋይዝ አሕመድ ፋይዝ ይገኝበታል። ፋይዝን የእስያና የአፍሪቃ ሥነ ጽሑፍ ወዳጆች በሚገባ ያውቁታል፤ በ1962 የሌኒን የሰላም ሽልማት የተቀበለ፣ ኋላም የእስያና አፍሪቃ ደራሲያን ማኅበር መጽሔት የነበረውን «ሎተስ»ን በቤይሩት ሆኖ ያዘጋጀ ታላቅ ገጣሚ ነው። ፋይዝ መሰከረ፦ ታሪኩ ጸያፍ አይደለም፤ ሆኖም የከፍተኛ ሥነ ጽሑፍን መመዘኛ አያሟላም። ሲዲኪ ይህን ሲሰማ የሚያሳየው ፊት በፊልሙ ውስጥ ከእስራት ፍርዱ ይልቅ የከበደው ነው። ለዳኛው ታሪኩ ወንጀል ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በቂ ነበር፤ ለደራሲው ግን ያ ጥያቄ ከጀርባ ነው። ጸያፍ ነው ቢሉት ይሟገት ነበር፤ ደካማ ነው ሲሉት ግን የሚሟገትበት ችሎት የለም። አዘጋጇ በዚህ ትዕይንት የጠበቃነት ልማዷን ረስታ እውነተኛ ግጭት ፈጥራለች። በጠላት ፊት የቆመ ጀግና ማሳየት ቀላል ነው፤ በወዳጅ ቃል የቆሰለ ሰው ማሳየት ግን ጥበብ ይጠይቃል። ከፊልሙ ዘፈኖች አንዱ የዚሁ የፋይዝ ግጥም መሆኑ፣ ታስቦበትም ይሁን ሳይታሰብ፣ መልካም ምጸት ነው።

ነገሩ ከዚህም ይሰፋል። ማንቶ የተራማጅ ደራሲያን ንቅናቄ ጎረቤት ነበር። ንቅናቄው በ1936 በላክናው የመጀመሪያውን የሕንድ ጉባኤውን ካደረገ ወዲህ የኡርዱን ሥነ ጽሑፍ ከሮማንስና ከሙገሳ አውጥቶ ወደ ረሀብ፣ ወደ ገበሬ፣ ወደ ፋብሪካ ያመጣ ታላቅ ኃይል ነው። ከማንቶ ጋር በአንድ ወቅት በላሆር ችሎት የቀረበችው፣ «ብርድ ልብስ» በተሰኘው ታሪኳ የተከሰሰችው ኢስማት ቹግታይም የዚሁ ንቅናቄ ሰው ነበረች። ነገር ግን ንቅናቄው ለማንቶ ልቡ አልሞቀለትም። ለምን ሴተኛ አዳሪዎችን ብቻ ይጽፋል? ለምን መፍትሔ አያሳይም? በ1948 ስለ ክፍፍሉ እልቂት «ጥቁር ኅዳግ» የተባሉትን እጅግ አጫጭር ትረካዎች ሲያሳትምና መቅድሙን የተራማጆቹ ተቃዋሚ የነበረው ሐያሲ ሙሐመድ ሐሰን አስካሪ ሲጽፍለት፣ ቁርሾው ወደ ውግዘት አደገ፤ በፓኪስታን የነበሩት ተራማጆች አድሃሪ ብለው ከመጽሔቶቻቸው አገዱት። በአንድ ወገን መንግሥት ብልግናን ያስፋፋል ብሎ ይከሰዋል፤ በሌላው ወገን የመንግሥት ተቃዋሚዎች አቅጣጫ የለህም ይሉታል።

ተራማጆቹን ሞኝ አድርጎ ማቅረብ ግን ፍትሕ አይደለም። ፋይዝ ራሱ በ1951 በራዋልፒንዲ ሤራ ስም ተይዞ አራት ዓመት ያህል በእስር ቤት ኖሯል፤ በመመዘኛው የተነጋገረው ዋጋ የከፈለ ሰው ነው። የነቀፋቸው ጉድለት ሌላ ነው። ሥነ ጽሑፍ የሚያሳየውን ቁስል ከነመድኃኒቱ እንዲያመጣ ጠየቁ፤ ማንቶ ግን የሚያውቀው ቁስሉን ነበር፤ ያላወቀውን መድኃኒት ቢጽፍ ይዋሽ ነበር። ደግሞስ ሴተኛ አዳሪዋን በስድብም በምሕረትም ሳይሆን ሠርታ በምትኖር፣ በደከማት፣ ሒሳብ በምታውቅ ሴትነቷ ከጻፈ ሰው የሚበልጥ ስለ ጉልበት ብዝበዛ የጻፈ ማን ነው? «ባለ መቶ ዋት አምፖል»ን ያየ ሰው እንቅልፍም የሚዘረፍ ሀብት መሆኑን ይገነዘባል። ፊልሙ በዚህ ክርክር ላይ ጥቂት ቆይቶ ያልፋል። ለመምህርና ለከያኒ እጅግ የሚጠቅመው ክፍል ግን ይኸው ነበር፤ ከአንድ የቡና ቤት ትዕይንት የበለጠ ቦታ ይገባው ነበር።

ራሲካ ዱጋል የማንቶን ሚስት ሳፊያን ሆና ተጫውታለች። የምትናገረው ጥቂት ነው፤ ብዙ ታጥፋለች፣ ታነሣለች፣ ትጠብቃለች። የመጀመሪያ ልጃቸው አሪፍ በሕፃንነቱ ሞቷል፤ ሦስት ሴቶች ልጆች አሏቸው፤ በላሆር ባልየው ታሪክ በታሪክ እየሸጠ ያገኘውን ገንዘብ ወደ መጠጥ ያፈስሰዋል። ዱጋል የሴቲቱን ድካም ያለ ምሬት ታሳያለች፤ ከሁሉም ተዋናዮች ወደ ማንቶ የአጻጻፍ ስልት የቀረበችው እርስዋ ናት ማለት ይቻላል። ጽሑፉ ግን ለሳፊያ የሰጣት የመታገሥን ድርሻ ብቻ ነው። ማንቶ ሌላውን ሰው ሲጽፍ ያልማረውን ያህል ፊልሙ ማንቶን አልመረመረም፤ ጥፋቱን ሁሉ ለዘመኑ ሰጥቶ ሰውየውን ነጻ ያወጣዋል። ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ፓኪስታናዊው ሳርማድ ኩሳት በ2015 አዘጋጅቶ ራሱ የተጫወተበት «ማንቶ» በቅርጹ ሻካራ፣ በአነጋገሩም የሚጮኽ ቢሆንም፣ የመጨረሻዎቹን ሰባት ዓመታት፣ መጠጡንና የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታሉን ሳያለዝብ ይይዛል፤ የደራሲውን ውስጣዊ መንታ በሴት አምሳል አቁሞም ከራሱ ጋር ያጋጨዋል። የዳስ ሥራ የተጣራ ነው፤ የኩሳት ሥራ ደግሞ የተቃጠለ።

ሌላም የጎደለ ነገር አለ፤ ሳቅ። ማንቶ ቀልደኛ ነበር፤ ቀልዱም እንደ ምላጭ ነበር። ከ1951 እስከ 1954 «ለአጎቴ ሳም» እያለ የጻፋቸው ዘጠኝ ደብዳቤዎች ለዚህ ይመሰክራሉ። እርሱ እንደ ተረከው አንድ የአሜሪካ መንግሥት ሰው ታሪክ እንዲጽፍ 500 ሩፒ ሊከፍለው ሲመጣ፣ ማንቶ ዋጋዬ 200 ነው ብሎ ተከራከረ፤ በ300 ተስማሙ። ከዚያ ለአጎቱ መጻፍ ጀመረ፤ አሜሪካ ለፓኪስታን ስለምትሰጠው የጦር መሣሪያ፣ ስለ አቶም ቦምብና ስለ ድህነት እያሾፈ። ፓኪስታን በ1954 ከዋሽንግተን ጋር የጦር ስምምነት ከመፈራረሟ በፊት የነገሩን አዝማሚያ የጠቆመው ይህ ሰካራም የተባለው ሰው ነበር። ፊልሙ ከደብዳቤዎቹ ዘመን በፊት ስለሚቆም ሊጠቅሳቸው አይገደድም፤ የሳቁ መንፈስ ግን በቦምቤይ ዓመታትም ነበረና ሊገባ ይችል ነበር። በፊልሙ ቦምቤይ ደማቅ ናት፤ ላሆር የደበዘዘች ናት፤ የካርቲክ ቪጃይ ካሜራ ይህን ልዩነት በብርሃን ብቻ ያሳያል። ሐዘኑ ግን በሁለቱም ከተሞች እኩል ነው።

ማብቂያው «ቶባ ቴክ ሲንግ» ነው። ከክፍፍሉ ሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ሁለቱ መንግሥታት የአእምሮ ሕሙማንን ለመለዋወጥ ይስማማሉ። ለ15 ዓመት ሳይተኛ የቆመው ቢሻን ሲንግ የተወለደባት ከተማ ሕንድ ውስጥ ናት ወይስ ፓኪስታን ብሎ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም። ዋጋህ ድንበር ላይ ሲያደርሱት አልሻገርም ብሎ በሁለቱ የሽቦ አጥሮች መካከል፣ ስም በሌላት መሬት ላይ ይወድቃል። ናንዲታ ዳስ ይህን በመጨረሻ ማስቀመጧ ትክክል ነው፤ ማንቶ ራሱ በአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ተኝቶ ነበርና ሕይወቱና ታሪኩ ያለ ማስገደድ ይገናኛሉ። ከእያንዳንዱ ታሪክ በኋላ የነበረው ማብራሪያም እዚህ ላይ ይቀንሳል። ሽማግሌው ይጮኻል፤ ይወድቃል፤ ጠበቃው ዝም ይላል።

የፓኪስታን መንግሥት በ2005 ማንቶ በሞተ በ50ኛው ዓመት የፖስታ ቴምብር አወጣለት፤ በኦገስት 2012 ደግሞ ኒሻን ኢምቲያዝ የተባለውን ከፍተኛ የሲቪል ሽልማት ሰጠው። የዳስ ፊልም በ2018 ለማሳያ ፈቃድ ሲቀርብ ግን የአገሪቱ የፊልም ምርመራ ቦርድ ክፍፍሉን በአሉታ ያቀርባል፣ ግልጽ ትዕይንቶችም አሉት በማለት ከለከለው። በጃንዩዌሪ 2019 ደራሲያንና ከያኒያን በላሆርና በሌሎች ከተሞች ተሰብስበው ክልከላውን ተቃወሙ። ለማንቶ ሽልማት የሰጠው መንግሥት ስለ ማንቶ የተሠራውን ፊልም ማንቶ በተፈረደበት ከተማ ሲኒማ ቤቶች አላሳየም።